ባልዲ፣ የውሃ ጎማ ወይስ ማጠቢያ ማሽን? መኪናን ግቢ ውስጥ ለማጠብ ምን ልግዛ

ጥቁር መኪና አትግዛ ብለውኝ ነበር። አልሰማሁም። በገዛኋት በስምንተኛው ወር፣ አንድ እሁድ ጠዋት ታጥባ ቆማለች። ፀሐይ ኮፈኑ ላይ ስታርፍ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ጥላ ውስጥ አይታይም። ፀሐይ ላይ ግን ዓይን ይወጋል።

ያጠቧት የግቢያችን ዘበኛ ናቸው። ሳሳያቸው ገረማቸው። "ልጄ፣ አቧራ እኮ ነው፤ አቧራ ቀለም ይቧጭራል እንዴ?" አሉኝ። ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም። ስፖንጁንም፣ ኦሞውንም፣ አንዷን ባልዲም ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ስፖንጁን አንስቼ ነጭ ሳህን ላይ ጨመቅኩት። ውሃው ሲጠል ሳህኑ ላይ የቀረው ደቃቅ አሸዋ ነበር። መኪናዋን ስምንት ወር ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ስናሻት ኖረናል ማለት ነው።

የዘመኑ መኪና ከቀለሙ በላይ ቀለም አልባ የሆነች አንጸባራቂ ሽፋን አለችው። ቀቢዎች ክሊር ይሏታል። ውፍረቷ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የራስ ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ከአንዲት ፀጉር ትቀጥናለች። ጭረቱ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ፖሊሽ ያጠፋዋል ሲባል የተቧጨረው ቦታ ይሞላል ማለት አይደለም። ዙሪያው ተፍቆ እኩል ይሆናል እንጂ። በተፋቀ ቁጥር ደግሞ ይሳሳል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ዕቃ ሁሉ የመዘንኩት በአንድ ነገር ነው፦ አሸዋውን ቀለሙ ላይ ሳይፈጭ ያነሳዋል ወይ?

ላቫጆ ወይስ ግቢ?

ላቫጆን አልጠላም። መኪናን ከፍ አድርጎ ከስር ማጠብ ግቢ ውስጥ የማይሞከር ነገር ነው። ክረምት ላይ ፓራፋንጎ ውስጥ የተለጠፈውን ጭቃ የሚያወጣው የነሱ ግፊት ነው። ጭቃው እዚያ ከሰነበተ እርጥበት ይዞ ላሜራውን ያዝገዋል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ቢያንስ በወር አንዴ ለስሩ ብዬ እሄዳለሁ።

ችግሩ ጨርቁ ነው። የኔን መኪና የሚያብሰው ጨርቅ ከአምስት ደቂቃ በፊት ከኮንስትራክሽን የመጣ አይሱዙ ሲጠርግ ነበር። ስለዚህ "ስሩን በደንብ እጠቡልኝ፣ ቦዲውን ውሃ ብቻ ርጩበት፣ ጨርቅ አታሳርፉበት" እላለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ሥራ ስለሚቀልላቸው ግን ማንም አይከራከርም። ከስር ናፍጣ እንርጭልህ ካሏችሁም ይቅር በሉ። ያብረቀርቃል፤ ግን ጎሚኒዎችን ያላላል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ባልዲ፣ ጎማ፣ ማሽን

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ንጽጽሩ የሚጀምረው ከሊትር ነው።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምጡና የውሃ ጎማችሁ በስንት ጊዜ እንደሚሞላው ቁጠሩ። እኛ ግቢ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ይህ ማለት ጎማውን አሥር ደቂቃ ክፍት ብተወው ከ130 ሊትር በላይ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ተጭነው የሚከፍቱት፣ ሽጉጥ የመሰለ መርጫ ቢገጠምበት ግን ውሃው የሚፈሰው ስትፈልጉት ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ዕቃ በትንሽ ብር ብዙ የሚጠቅመው ይሄ መርጫ ይመስለኛል። ስትገዙ ከፕላስቲኩ ይልቅ መጋጠሚያው ናስ የሆነውን ምረጡ። ፕላስቲኩ ጥርሱ ቶሎ ይበላል።

ውሃ በግፊት የሚረጨው ማጠቢያ ማሽን ውሃ ይጨርሳል የሚባለው ነገር እንግዲህ ተረት ነው። ለምሳሌ የካርሸር ትንሿ ኬ2 ቢበዛ 110 ባር ግፊትና በሰዓት 360 ሊትር ነው የተጻፈባት። በደቂቃ 6 ሊትር ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳታቋርጡ ብትረጩ 60 ሊትር። ከክፍት ጎማ ግማሽ እንኳ አይሞላም። አሸዋውንም ቀለሙን ሳይነካ ያራግፈዋል። በዚህ በኩል ማሽን አሸናፊ ነው።

ግን ሁለት ጣጣ አለው። የመጀመሪያው ሮቶ ነው። ማሽኑ የሚያወጣውን ያህል ውሃ በመግቢያው ማግኘት አለበት። መሬት ላይ ከተቀመጠ ሮቶ በቀጭን ጎማ የሚወርደው ውሃ አይበቃውም። ድምፁ ይቀየራል፣ ይንተፋተፋል፤ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። እንዲህ እያላችሁ ከቀጠላችሁ ፓምፑ ይቃጠላል። ከባልዲ ወይም ከበርሜል ራሳቸው መሳብ የሚችሉ ሞዴሎች አሉ፤ ሁሉም ግን አይችሉም። ስለዚህ ሻጩን ባሩ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት "ከበርሜል ይስባል?" ብላችሁ ጠይቁ። ይስባል ካለ እዚያው ሱቁ ውስጥ ያሳያችሁ።

ሁለተኛው መብራት ነው። ኬ2 1,400 ዋት ትበላለች። በጥቅልል ማራዘሚያ ገመድ የምትጠቀሙ ከሆነ ገመዱን እስከ መጨረሻው ዘርጉት። እንደተጠቀለለ ይግላል። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ስለሆኑ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ የተሳበለት መሆን አለበት፤ መገናኛውንም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አትጣሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ያገለገለ መኪና ላላችሁ። ተመትቶ ተቀጥቅጦ፣ በስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ በር ወይም ፓራውልት ካለ ማሽኑን አታስጠጉበት። እኔ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር እርቃለሁ፤ የቀለሙ ጠርዝ የተነሳበት ቦታ ከሆነ ጭራሹን በጎማ ነው የማጥበው። ግፊቱ ከጠርዙ ስር ከገባ ቀለሙን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያነሳዋል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የሚሽከረከር አፍ ደግሞ ለሲሚንቶና ለድንጋይ ነው። መኪና ላይ አይሞከርም።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ምን ያድርግ? ፓርኪንጉ ላይ ቧንቧም ሶኬትም የለ። ለዚህ ገበያው ያመጣው በባትሪ የሚሠራውን፣ በቦርሳ የሚሸጠውን ሽጉጥ ነው። ከጀሪካን ይስባል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ደህና የሚባሉት ከ20 እስከ 30 ባር ይሰጣሉ፤ ከጎማ ይሻላል፣ የደረቀ ጭቃ ግን አይነቅልም። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን ትልልቅ ቁጥር እርሱት። ሁለት ባትሪ ከሌለው አትግዙ፤ ግማሽ መኪና ታጥቦ ባትሪው ይሞትና ሳሙናው ቦዲው ላይ ይደርቃል።

ካልሆነ ሁለት ባልዲ። ሳቅ እንዳይመጣባችሁ፤ ሁለተኛዋ ባልዲ ከማንኛውም ማሽን በላይ ቀለም ታተርፋለች። አንዷ ሻምፖ፣ አንዷ ንጹሕ ውሃ። የማጠቢያ ጓንቱን ሻምፖ ውስጥ ነክራችሁ አንድ በር ታጥባላችሁ። ከዚያ ወደ ሻምፖው ሳትመልሱ በፊት ንጹሑ ውሃ ውስጥ አራግፉት። አሸዋው እዚያ ይቀራል። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች፣ ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ በሮች፤ ከበሮቹ በታች ያለው መጨረሻ። ክብ ክብ አትሹ፤ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ጠቅላላ ውሃው ከ40 እስከ 50 ሊትር ነው።

ኦሞ፣ ላርጎ ወይስ የመኪና ሻምፖ?

እዚህ ብዙ አልከራከርም። ኦሞ ለልብስ ነው። ያልሟሟ ፍሬው ይቧጭራል፣ ቀለሙን እንዲጠብቅ የተቀባውን ሰም ያጥባል፣ ጥቁሩን ፕላስቲክ ያነጣዋል። ላርጎ ይሻላል፤ ግን የዕቃ ሳሙና ሥራው ቅባት መንቀል ነው፣ የመኪናው ሰምም ቅባት ነው። እኔ ላርጎ የማወጣው በዓመት አንዴ ሁለቴ፣ አሮጌውን ሰም አንስቼ አዲስ ልቀባ ስል ነው።

የመኪና ሻምፖ ጥቅሙ ማለስለሱ ነው። ጓንቱ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ አሸዋው አይፋቅም። ለአንድ ባልዲ ትንሽ ነው የሚበቃው፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን መጠን ተከተሉ። ስለዚህ ጠርሙሱ ውድ መስሎ ቢታይም ለአንድ እጥበት የሚያወጣውን አካፍላችሁ አስሉ። የብር ቁጥር የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። ክዳኑ የተከፈተ ወይም ተለጣፊው የተነሳ ጠርሙስ አትግዙ፤ ዕቃ ሳሙና የተሞላ ሻምፖ ገዝቼ አውቃለሁ። ሽታው ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ባልዲው ውስጥ ገብቶ ጣት ላይ አይንሸራተትም።

አረፋ የሚተፋው ጠርሙስስ? ልጆች ይወዱታል። እኛ ቤት ለዚያ ነው ያለው።

ጨርቅ፦ እዚህ ላይ አትቆጥቡ

አሮጌ ቲሸርት፣ ስፖንጅ፣ ማይክሮፋይበር። ቲሸርት ስፌቱ ይጭራል። ስፖንጅ ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋውን በራሱና በቀለሙ መሀል ይዞ ይጎትታል። ፀጉራሙ የማይክሮፋይበር ጓንት ግን አሸዋውን ወደ ውስጥ ይውጠዋል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

መኪና የሚያስውቡት ዲኮር ቤቶች ማይክሮፋይበር ብለው የሚሸጡት ሁሉ ማይክሮፋይበር አይደለም። እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። በደረቅ መዳፌ ላይ ቀስ ብዬ እጎትተዋለሁ፤ እውነተኛው ሻካራውን ቆዳ ይዝ ይዝ ያደርጋል። ቀጥሎ ባንኮኒው ላይ ትንሽ ውሃ አፍስሼ አንዴ አሳልፈዋለሁ። ውሃውን ገፍቶት ከሄደ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ተለጣፊው ላይ ብዙ ጊዜ 80 በመቶ ፖሊስተርና 20 በመቶ ፖሊያሚድ የሚል አለ። ለማድረቂያ ወፍራሙን፣ በካሬ ሜትር 500 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነውን ውሰዱ። ቤት ስትደርሱ ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ምልክት ቁረጧት። ከጥጥ ልብስ ጋር አትጠቡት፣ ማለስለሻም አትጨምሩበት፤ ክሮቹን ይደፍናቸዋል።

ማድረቅ አይዘለል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐዩ ይበረታል፣ ውሃውም ሳትደርሱበት ይደርቃል። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ነጭ ነጭ ጠብታውን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ እጥበቱ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ነው፣ ወይም ኮፈኑ ለእጅ ሲቀዘቅዝ።

ሰም ወይስ ሴራሚክ?

ከብራዚሉ የካርናውባ ዘንባባ ቅጠል የሚሠራው ሰም ያምራል፤ ግን በእኛ ፀሐይ ከሳምንታት ብዙ አይዘልም። በእርጥብ ቦዲ ላይ ረጭተው የሚያብሱት ፈሳሽ ከዚያ ይቆያል፣ አሥር ደቂቃም አይፈጅም። እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። ዲኮር ቤቶች የሚሠሩት ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን በፊት ቀለሙ በፖሊሽ ካልተስተካከለ ጭረቱን እንዳለ ከስሩ ያሽገዋል። ጠጠር አይመልስም፣ ከመታጠብም አያድንም። አዲስ መኪና ላይ እሺ፤ የኔን ለመሰለች ግን መጀመሪያ ጭረቱ ይነሳ።

የወፍ ኩስ ምንም ብትቀቡ ጊዜ አይሰጥም። በጣት ወይም በደረቅ ሶፍት እንዳትፍቁት፤ እርጥብ ጨርቅ አምስት ደቂቃ አልብሱትና አንሱት። ፀሐይ ላይ ከዋለ ክሊሩን ይበላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ አትስጉ፤ ዝናብ የቻለ መኪና እጥበት አያቅተውም። ቻርጅ ላይ እያለ ግን አይታጠብም፣ የቻርጅ መክፈቻው መዘጋቱ ይታይ። ላቫጆ ስትሄዱም ከስር ብርቱካናማ ገመዶቹ ላይ ግፊት እንዳያስጠጉ ንገሯቸው።

ታዲያ ምን ልግዛ?

ብሩ ትንሽ ከሆነ፦ ሁለተኛ ባልዲ፣ አንድ ጓንት፣ አንድ ወፍራም ማድረቂያ፣ ሻምፖ። ግቢና የማይቋረጥ ውሃ ካለ የጎማ መርጫውን ጨምሩ። ማሽን መጨረሻ ነው፤ እሱም ከበርሜል የሚስብ ከሆነ። ማሽን ገዝቶ በአሮጌ ቲሸርት የሚያብስ ጎረቤት አለኝ፤ መኪናው እንደኔው ሸረሪት አድርቶባታል።

ለቸርኬና ለጎማ የተለየ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ የፍሬን ብናኝ ብረት ነው። እኛ ግቢ እንዳይቀላቀል ዘበኛችን መላ አግኝተዋል። የቸርኬው ጨርቅ ጫፍ ላይ ቀይ ክር ቋጥረውበታል፤ ባለፈው እሁድ እኔው ራሴ ተሳስቼ ባነሳው፣ ከእጄ ነጥቀው ሌላውን አቀበሉኝ።