ኮርፉ፣ ኬፋሎኒያ ወይስ ሌፍካዳ? የግሪክን አረንጓዴ ደሴቶች ለሚመርጥ

ግሪክ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሳንቶሪኒ ነው። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ዛፍ የራቀው ዐለት። በምዕራብ በኩል ያሉት የአዮኒያን ደሴቶች ግን መልካቸው ሌላ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ጥሩ ዝናብ ያገኛሉ። ወይራውና ጥዱ ከተራራው እስከ ውሃው ጫፍ ይወርዳል።

ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ሳምንት አራት ደሴት ለማዳረስ ያቅድና ጊዜው በፌሪ ወረፋና በሻንጣ ጉተታ ያልቃል። እኔ የምመክረው አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን መርጦ መቆየት ነው። የትኛውን የሚለውን የሚወስነው ከማን ጋር እንደምትሄዱና ባህሩ ላይ ምን እንደምትፈልጉ ነው።

ከልጆችና ከወላጆች ጋር ከሆነ ኮርፉን አስቀድማለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው አጠገብ ነው። ቬኒስ ከ1386 እስከ 1797 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለገዛቻት ከተማዋ ጣሊያን ጣሊያን ትላለች። ጠባብ መንገድ፣ ከፎቅ ፎቅ የተሰጣ ልብስ፣ ሁለት ትልልቅ ምሽጎች። አሮጌው ከተማ በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ልጆቹ ባህር ሲሰለቻቸው የምትወስዱበት ቦታ አታጡም ማለት ነው። አሸዋ የሚፈልግ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግሊፋዳ ይሂድ። ሰሜን ምሥራቁ ጠጠር ነው፤ ውሃው ግን ጸጥ ያለ ነው።

ለእኛ ለኦርቶዶክሶች ኮርፉ ሌላም ነገር አላት። የቅዱስ ስፒሪዶን አጽም ያለው እዚያ ነው። በ325 ኒቅያ ላይ ከተሰበሰቡት ከሠለስቱ ምዕት አንዱ እንደሆነ በትውፊት ይነገርለታል። የግሪኮች ፋሲካ ደግሞ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። በቀዳም ሥዑር ጠዋት የቅዱሱ አጽም በከተማው ይዞራል። ከዚያ አምስት ሰዓት ላይ ሕዝቡ ውሃ የሞላበት ትልልቅ የሸክላ እንስራ ከሰገነት ወደ መንገድ ይወረውራል። በዓሉን ከወገን ርቆ ለሚያሳልፍ ሰው ይህን ማየት ልብ ያሞቃል። ባህሩ ግን በዚያ ወቅት ለመዋኘት ገና ቀዝቃዛ ነው።

ኬፋሎኒያ የተፈጥሮ ደሴት ናት። ከአዮኒያን ሁሉ ትልቋ እሷ ናት፤ የአይኖስ ተራራ 1,628 ሜትር ይደርሳል። ሚርቶስ የሚባለውን የባህር ዳርቻ ከላይ ከመንገዱ ስታዩት መኪና ማቆማችሁ አይቀርም። ነጭ ጠጠር፣ ከሥሩ ደማቅ ሰማያዊ ውሃ። ግን ልብ በሉ፤ ባህሩ ከዳርቻው ጥቂት እርምጃ ሳይርቅ ድንገት ይጠልቃል፣ ማዕበሉም ይበረታል። ትንንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ አንቲሳሞስ ይሻላል። ጣራው በተደረመሰው የሜሊሳኒ ዋሻ ውስጥ ያለውን ሐይቅ እኩለ ቀን አካባቢ እዩት፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ውሃው ላይ የሚያርፈው ያኔ ነው። የ1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደሴቷን ከሞላ ጎደል ስላፈረሳት እንደ ኮርፉ ያለ አሮጌ ከተማ አትጠብቁ። የተረፈችው ፊስካርዶ የምትባለው የወደብ መንደር ናት። ያለ መኪና ግን ኬፋሎኒያ አትሞከርም። ከደሴቷ ዋና ከተማ ከአርጎስቶሊ ፊስካርዶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ለሸራ ጀልባ የምመርጣት ሌፍካዳን ነው፤ አላመነታም። ሳንቶሪኒ ያለችበት፣ በምሥራቅ በኩል ያለው የኤጂያን ባህር በሐምሌና በነሐሴ ሜልቴሚ የሚባል ኃይለኛ ነፋስ አለው፤ ጀማሪን ለቀናት ወደብ ውስጥ ያስቀምጣል። አዮኒያን ላይ የሚነፍሰው ማይስትሮ ነው። ጠዋት ባህሩ ይተኛል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይነሳል፤ ሲመሽ ጋብ ይላል። በሌፍካዳና በዋናው ምድር መካከል ያለው ውሃ ደግሞ በሜጋኒሲና በሌሎች ትንንሽ ደሴቶች የተከለለ ነው። ከወደብ ወደብ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል። የመርከብ ባለጸጋው ኦናሲስ የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ባልቴት ዣክሊንን በ1968 ያገባባት የስኮርፒዮስ ደሴትም እዚያው አጠገብ ናት።

ጀልባ ስትከራዩ ዋጋውን በጥንቃቄ አንብቡ። ያለ ካፒቴን ለመውሰድ ከእናንተ አንዱ እውቅና ያለው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ባህር የለመደ ሁለተኛ ሰውም ይጠየቃል። ካልሆነ ካፒቴን ትቀጥራላችሁ። የቀን ክፍያው ለብቻ ነው፣ ምግቡ በእናንተ ነው፣ አልጋም ይይዛል። ስለዚህ የስምንት ሰው ጀልባ ለእናንተ የሰባት ነው። ነዳጅ፣ የጽዳት ክፍያና ማስያዣ ገንዘብም አለ። ከመክፈላችሁ በፊት ሁሉንም በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ ያለ ፈቃድ ይከራያል፤ ለቤተሰብ ይህ በቂ ነው። ዋና የማይችል ካለ፣ ብዙዎቻችን አንችልምና፣ የሕይወት ጃኬቱ በልኩ መሆኑን ሳታዩ አትነሱ።

ሌፍካዳ በድልድይ ስለምትገናኝ በመኪና ያለ ፌሪ ትገባላችሁ። ፖርቶ ካትሲኪ የሚባለው የባህር ዳርቻም እዚያ ነው፤ ረጅም ደረጃ ስላለው ጉልበት ለሚያማቸው ይከብዳል።

ዛኪንቶስን ብዙ ሰው የሚመርጣት ለናቫጂዮ ፎቶ ነው፤ በ1980 ዳርቻው ላይ የቀረችው ዝገታም መርከብ ያለችበት ቦታ። ገደሉ ስለሚናድ በቅርብ ዓመታት ወደ ዳርቻው መውረድ ተከልክሏል። ለእሱ ብላችሁ አትሂዱ። ለባህር ኤሊዎቹ ግን ሂዱ፤ በላጋናስ ወሽመጥ አሸዋ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ፓክሲና ኢታካ አውሮፕላን ማረፊያ የላቸውም፤ ጸጥታ ለሚፈልጉ ጥንዶች ይሆናሉ።

ሰኔ ወይም መስከረም ውስጥ ሂዱ፤ ነሐሴ ውድና ጭንቅንቅ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ጀርመን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ላላችሁ እሱ ራሱ ይበቃል። እንግሊዝ የምትኖሩ ግን የመኖሪያ ፈቃዱ አያስገባችሁምና የቪዛ ቀጠሮውን ከቲኬቱ በፊት ያዙ።