ከኦክቶበር እስከ ሜይ ከሦስት ሴንሰሮች ጋር፦ የአንድ አበባ ሱቅ ዊንተር

ዲሴምበር ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ስልኬ ጮኸ። የደወለ ሰው የለም። የጮኸው የሱቄ የኋላ ክፍል ስለቀዘቀዘ ነው። ጃኬት ደርቤ ነዳሁ። ስደርስ የሕንፃው ማሞቂያ ጠፍቷል፤ ክፍሉ 11 ዲግሪ ገብቷል። እዚያ ውስጥ 60 ፖት ፖይንሴቲያ፣ ያ ቀዩ የገና አበባ፣ ነበር። እስኪነጋ ድረስ አንድ በአንድ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል አወጣኋቸው።

ፖይንሴቲያ ከ10 ዲግሪ በታች ብርድ አይችልም። ክፋቱ ደግሞ ጉዳቱ በዚያው ሰዓት አይታይም። ጠዋት ስታዩት ደህና ነው። ከቀናት በኋላ፣ ምናልባት ደንበኛው ሳሎን ውስጥ፣ ቅጠሉ ይረግፋል። ደንበኛው «የሸጠችልኝ የሞተ አበባ ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ሱቄ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የገዛሁት እቃ ቀላል ነው፤ የክብሪት ሣጥን የሚያክሉ ሦስት ሴንሰሮችና ከዋይፋይ ጋር የሚያገናኛቸው አንድ ትንሽ ማገናኛ። ሙቀትና እርጥበት ይለካሉ፣ ቁጥሩን ስልኬ ላይ ያሳዩኛል፣ ከወሰንኩት ሲወርድ ወይም ሲያልፍ ይጮሃሉ። የኋላውን ክፍል ማንቂያ 12 ዲግሪ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ተነስቼ የምደርስበት ጊዜ እንዲኖረኝ። ሁሉም ተደምሮ ከ100 ዶላር በታች ነው የወጣብኝ። ዘንድሮ ሜይ ሲገባ 7 ወር ሞላቸው።

ከመጠቀሜ በፊት ፈተንኳቸው። እናንተም ሳትፈትኑ አትመኑ። በረዶ ፈጭታችሁ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፣ ሴንሰሩን ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ መሃሉ ክተቱት። 0 ዲግሪ ማለት አለበት። ሁለቱ በጣም ተጠጉ፣ አንዱ ግን 1.4 አለ፤ አፑ ላይ አስተካከልኩት። ለእርጥበቱ ደግሞ የገበታ ጨው በጠርሙስ ክዳን ላይ አድርጋችሁ ሊጥ እስኪመስል በትንሽ ውሃ አርሱት። ከሴንሰሩ ጋር አየር በማያስገባ ፌስታል አሽጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ አካባቢ ካሳየ ትክክል ነው።

አንዱን ሴንሰር ኩለሩ፣ ማለትም የአበባ ማቀዝቀዣው፣ ውስጥ አደረግኩት። ጽጌረዳ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ላይ ነው በደንብ የሚቆየው። የኩለሩ የራሱ መለኪያ ሁልጊዜ 2 ይላል። በሩ አጠገብ ያለው ባልዲ ግን ሥራ በሚበዛበት ቀን 6 ይደርስ ነበር። ከፍተን ከፍተን ነዋ! አሁን በቀን ቶሎ የሚሸጠውን በሩ ጋ፣ ማደር ያለበትን ወደ ውስጥ አደርጋለሁ።

ብዙ ያስተማረኝ ግን የኋላው ክፍል ነው። እኔ አንድ ክፍል ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሴንሰሩን ቦታ እየቀያየርኩ አንድ አንድ ሌሊት ሳሳድረው ሦስት አገር ሆኖ አገኘሁት። መደርደሪያው ላይ 18፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ 13፣ መስኮቱ ሥር 12። ያን ሁሉ ዓመት ፖይንሴቲያውን ወለል ላይ ደርድሬ፣ ሥሩ ሲበሰብስ «ውሃ አበዛሁ» እል ነበር። ውሃውም በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሥሩ ከበረደው ውሃውን አይጠጣም፣ አፈሩም እርጥብ እንደሆነ ይከርማል። አሁን ሁሉም የእንጨት ፓሌት ላይ ነው። መስኮቱ ሥር ሳይክላሜን ገባ። ሳይክላሜን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ዘንድሮ እዚያ ጥግ ላይ ያበበውን ያህል አብቦልኝ አያውቅም።

ሦስተኛው ቫኑ ውስጥ ነው። መንገድ ላይ ዋይፋይ ስለሌለ ቁጥሩን ይዞ ይቆይና ሱቅ ስንመለስ ይልካል። በሁለት ቤቶች መካከል በሩን ከፍተን ስንቆም 4 ዲግሪ ደርሶ አየሁ። አሁን አበባ ከመጫናችን በፊት ቫኑን 15 ደቂቃ እናሞቃለን፣ ፖይንሴቲያ ቀድሞ ይደርሳል፣ ዝግባና ጥድ መጨረሻ ላይ።

የእኔ ሱቅ ገናን ሁለት ጊዜ ያከብራል፤ ዲሴምበር 25 እና ጃንዋሪ 7። ፖይንሴቲያ ከአከፋፋይ የሚመጣልኝ ለፈረንጆቹ ነው። ከ25 በኋላ አዲስ አላገኝም። ስለዚህ ለእኛ ገና የሚሆነውን 13 ቀን ጨምሬ ማቆየት አለብኝ። እንደመጣ የተጠቀለለበትን ወረቀት ወዲያው አወልቃለሁ፤ ታፍኖ ከቆየ ቅጠሉ ወደ ታች ይጣመማል። የሚያብረቀርቀውን የፖት መጠቅለያ ከሥር እበሳዋለሁ፣ ውሃ እንዳይተኛበት። ሌሊት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ ቀን ብርሃን። አምና ካቆየሁት ግማሹ ለገና አልደረሰም። ዘንድሮ ከ24ቱ 21 ደረሰ። አማሪሊስንም ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹን ኖቬምበር መጀመሪያ፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ተከልኩ።

የገና ዋዜማ አንዲት እናት መጡ። ቀዩን ሲያዩ «ልጄ፣ ይሄ እኮ አገር ቤት አጥራችን ላይ ዛፍ ነበር» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ እዚህ ብርዱ ነው ፖት ውስጥ ያስቀረው» አልኳቸው። ሁለት ወሰዱ። ለጥምቀት ሲመለሱ «አንድ ቅጠል አልጣለም» አሉኝ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ክፍያ የለም።

አሁን ወደ ድክመቱ። ፌብሩዋሪ ላይ ኢንተርኔት ለ9 ሰዓት ተቋረጠ። ሴንሰሩ ብርዱን መዝግቧል፣ ግን ማን ይንገረኝ? 12 ኦርኪድ እምቡጣቸውን ጣሉ። ከዚያ ወዲህ ማገናኛው ራሱ ሲጠፋ የሚያስጠነቅቀውን ማንቂያ አብርቻለሁ፤ መጀመሪያ ስትገዙት ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ፈልጋችሁ አብሩት። የኩለሩ ብረት ግድግዳም ሲግናሉን ይይዘዋል፤ ማገናኛውን አጠገቡ እስካመጣው ድረስ ቁጥሩ ይቆራረጥ ነበር። ቫኑ ውስጥ ተራ ባትሪ በ5 ሳምንት ሞተብኝ። ሊቲየም ሳደርግበት ግን ከርሞ ወጣ። የእርጥበት ቁጥሩ ብዙም አልጠቀመኝም። ማሞቂያ ባለበት ቤት ዊንተር ላይ አየሩ ደረቅ መሆኑን ቆዳዬም ይነግረኛል።

ዲሴምበር ላይ ማሞቂያው መጥፋቱንም ሴንሰሩ የመዘገበውን የዚያን ሌሊት ሰንጠረዥ ይዤ ሄጄ ለሕንፃው ኃላፊዎች አሳየኋቸው። ሰዓቱ በደቂቃ ተጽፏል። በሳምንቱ የኋላ ክፍሌን ማሞቂያ ከሕንፃው ሰዓት ቆጣሪ ነጠሉልኝ።

ደግሜ እገዛዋለሁ ወይ? አራተኛውን አዝዣለሁ። እሱን መግቢያው በር አጠገብ ነው የማስቀምጠው፤ ደንበኛ ሲገባና ሲወጣ ብርዱ የሚመታቸው ኦርኪዶች እዚያ ናቸው።