ለብዙ የገና ካርድ አድራሻ፦ በእጅ፣ በስቲከር፣ በሌብል ማሽን ወይስ በኦንላይን?

ገና በቀረበ ቁጥር ጓደኞቼ ያንኑ ነው የሚጠይቁኝ፣ ያን ሁሉ ካርድ አድራሻ እየጻፍክ እንዴት ነው የምትጨርሰው፣ የትኛው የሌብል ማሽን ይሻላል ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ማሽን አትግዙ። ሌዘር ፕሪንተር (የራሳችሁ ባይሆንም የምታገኙት ይሁን)፣ የስቲከር ወረቀትና አንድ የኤክሴል ፋይል ይበቃል። ካርዱ ከ30 በታች ከሆነ ደግሞ እሱም ይቅርና ቁጭ ብላችሁ በእጅ ጻፉት፣ ፋይል ማዘጋጀቱ ብቻ ከዛ በላይ ጊዜ ይወስዳል።

ዋጋው ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁሉን ደምሮ ስለሚያስብ ነው። ካርዱም ቴምብሩም በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ያው ነው፣ ስለዚህ እሱን አውጡትና አድራሻውን ለመለጠፍ ብቻ በአንድ ካርድ ስንት ወጣ የሚለውን አስሉ። በኤፎር ወረቀት ባለ 21 ስቲከር አለ፣ አንዱ 63.5 በ38.1 ሚሊሜትር ነው፣ ረጅም አድራሻ ይይዛል። በሌተር ወረቀት (አሜሪካ የሚጠቀሙበት መጠን) ደግሞ ባለ 30 አለ። ለ200 ካርድ ባለ 21ዱ 10 ወረቀት፣ ባለ 30ው 7 ወረቀት ነው የሚፈልገው። የባለ 30ውን 100 ወረቀት የያዘ ካርቶን በነጠላ ሲታሰብ ይረክሳል ብላችሁ እንዳትገዙ፣ 3000 ስቲከር ማለት እኮ በዓመት 200 ለሚልክ ሰው የ15 ዓመት ነው፣ ሙጫው ደግሞ ዓመት በቆየ ቁጥር ይደርቃል። ባለ 25 ወረቀቱን ግዙ።

የሌብል ማሽንን በዚሁ ሂሳብ አስሉት። በዓመት 200 ካርድ በ5 ዓመት 1000 ነው፣ የማሽኑን ዋጋ ለ1000 አካፍሉና ማሽኑ የሚያትምበትን የስቲከር ጥቅልል ዋጋ ጨምሩበት። ከስቲከር ወረቀቱ ጋር አይወዳደርም፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ቀለም አያስፈልገውም የሚባለው እውነት ነው፣ ወረቀቱ ሲሞቅ ነው የሚጠቁረው፣ ግን በዛው ምክንያት ፀሐይ ወይ ሙቀት ያገኘው እንደሆነ ጽሑፉ ይበላሻል። ወጪው ያለው ጥቅልሉ ላይ ነው። ለምሳሌ ዳይሞ ሌብልራይተር 550 ጥቅልሉ ላይ ያለውን ቺፕ አንብቦ የራሱ ካልሆነ አያትምም፣ የፊተኛው 450 ግን ሌላ ጥቅልልም ይቀበላል። እና ማሽኑ ረከሰ ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጥቅልሉ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ዓመቱን ሙሉ ዕቃ በፖስታ እየላከ የሚሸጥ ሰው ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ይግዛ፣ ለገና ካርድ ግን አይሆንም።

ስቲከሩ ላይ ፎርጅድ አለና እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ሁለት ዓይነት ችግር አለው። አንዱ ሙጫው ነው፣ ለጥፋችሁት ስታድሩ ጥጉ ተነስቶ ታገኙታላችሁ፣ ያ ፖስታ በፖስታ ቤቱ መለያ ማሽን ሲያልፍ ስቲከሩ ይገነጠልና አድራሻ የሌለው ካርድ ይሆናል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን (የዱቄት ቀለሙን) ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በፊውዘር፣ ማለትም በሚግለው ክፍሉ ነው፣ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ይጠጋል፣ ለኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም ለሚረጨው ፕሪንተር) የተሠራ ወይ ፎርጅድ የሆነ ስቲከር እዛ ውስጥ ሲገባ ሙጫው ይቀልጣል። አንድ ጓደኛዬ ማሸጊያው ላይ ለሌዘር የሚል የተጻፈበት ርካሽ ስቲከር ገዝቶ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ስቲከሩ ተላቆ ፊውዘሩ ላይ ተጠመጠመ፣ ጠጋኙ ፊውዘሩ መቀየር አለበት አለው፣ በዛ ብር ኦርጅናሉን ስቲከር ለብዙ ዓመት ይገዛበት ነበር። ኦርጅናልም ቢሆን ግማሹ የተላጠ ወረቀት መልሳችሁ ሌዘር ውስጥ አታስገቡ፣ የቀረውን ስቲከር ለመጠቀም ሲባል ፕሪንተር ያበላሸ ብዙ ሰው አለ። የቀረውን በእጅ ጻፉበት። ስትገዙ መጀመሪያ አንድ ፓኬት ብቻ ውሰዱ፣ አንዱን ፖስታ ላይ ለጥፋችሁ አሳድሩትና ጥጉን በጥፍር ሞክሩት።

ኢንክጄት ብቻ ካላችሁ ለኢንክጄት የተሠራውን ስቲከር ግዙና እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ዝናብ የነካው እንደሆነ ግን ብዙው ቀለም ይፈሳል፣ ለዚህ ነው ሌዘር የምለው።

ፋይሉ ላይ የሚያደክመው የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ስም፣ መንገድ፣ ከተማ፣ ፖስታ ኮድ፣ አገር ሁሉም ለየብቻው ዓምድ ይኑረው። የፖስታ ኮዱን ዓምድ ቁጥር ሳትጽፉበት በፊት ቴክስት አድርጉት፣ ካለበለዚያ ኤክሴል ከፊት ያለውን ዜሮ ይበላዋል፣ የቦስተኑ 02108 ሄዶ 2108 ይሆንባችኋል። ከዛ በዎርድ ሜይል መርጅ ነው፣ አድራሻውን ከፋይሉ እያነሳ በየስቲከሩ ላይ የሚያስገባው ማለት ነው፣ የመጀመሪያውን ስቲከር አስተካክላችሁ አፕዴት ሌብልስ የሚለውን ካልነካችሁ አድራሻው አንዱ ላይ ብቻ ይወጣል፣ ደውለው ከሚጠይቁኝ ግማሹ ይሄ ነው። ስታትሙ መጠኑ 100 ፐርሰንት ይሁን፣ ፊት ቱ ፔጅ (ከገጹ ጋር እንዲገጥም መጠኑን የሚቀይረው) ካለ ሁሉም እየተንሸራተተ ይሄዳል። የሌተሩን ቴምፕሌት ኤፎር ስቲከር ላይ ማተምም እንደዛው ያበላሻል። መጀመሪያ ተራ ወረቀት ላይ አትማችሁ ከስቲከሩ ጋር ደርባችሁ ብርሃን ላይ እዩት፣ ያኔ አንድም ስቲከር አይባክንም።

ስቲከር ሳይኖር ፖስታው ላይ ራሱ ማተም በዋጋ ከስቲከሩም ከማሽኑም ይረክሳል፣ ያምራልም፣ ግን የካርድ ፖስታ ወፍራም ነው፣ ሌዘሩ ያጨማድደዋል፣ ሙቀቱ የክዳኑን ሙጫ ሊያጣብቀው ይችላል፣ አንድ በአንድ እያስገቡ መቆምም አለ። ፕሪንተራችሁ ከኋላ የሚከፈት በር ካለው ከፍታችሁ ብትሞክሩ ይሻላል። ቀይ ወይ ጥቁር ፖስታ ላይ ግን አይታሰብም፣ ነጭ ስቲከር ብቻ ነው የሚነበበው።

ኦንላይን አትሞ፣ አሽጎ፣ ቴምብር ለጥፎ የሚልክላችሁ አገልግሎት ድካም የለውም፣ በአንድ ካርድ ግን ከሁሉም ውዱ ነው፣ የእጃችሁ ጽሑፍም የለበትም። እኔ አድራሻውን በስቲከር የማደርገው እኮ የተረፈኝን ሰዓት ውስጡ ላይ ለሰውየው ሁለት መስመር በእጄ ለመጻፍ ነው። ያ ከቀረ መላኩ ለእኔ ትርጉም የለውም። ካርዱ ተቀባዩ ባለበት አገር ታትሞ የሚላክ ከሆነና ብዙ ወዳጅ ውጭ አገር ካላችሁ ብቻ የዓለም አቀፍ ቴምብሩን ቀንሳችሁ አስሉት፣ ያኔ ሊያዋጣ ይችላል።

ይሄ የብዛት ችግር አዲስ አይደለም፣ በ1843 እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮል ለሁሉም ወዳጁ ደብዳቤ መጻፍ አልችል ሲል ነው 1000 ካርድ ያሳተመው፣ የተቀባዩንና የላኪውን ስም መጻፊያ ባዶ ቦታ ትቶ። አንዱ በ1 ሺሊንግ ነው የተሸጠው፣ የደብዳቤ ቴምብር ደግሞ ያኔ 1 ፔኒ ነበር፣ ማለትም ካርዱ የቴምብሩን 12 እጥፍ ነበር።

ካርድ ስትመርጡ ቅርጹንም እዩ። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ፖስታ ማሽን ስለማይለየው የአሜሪካ ፖስታ ቤት ተጨማሪ ያስከፍልበታል፣ 200 ላይ ሲባዛ ቀላል ብር አይደለም። አንዱን ሙሉ ለሙሉ አሽጋችሁ ፖስታ ቤት አስመዝኑትና ከዛ በኋላ ቴምብር ግዙ። ለላኪ አድራሻ ስቲከር አታባክኑ፣ አንድ ቲተር አስቀርጹ፣ አንዴ ከፍላችሁ ለዓመታት ነው፣ የሚያንጸባርቅ ፖስታ ላይ ግን ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም። የፖስታውን ክዳን ሙጫ በምላስ ሳይሆን በእርጥብ ስፖንጅ አድርጉ። ውጭ አገር የሚሄደው ላይ የአገሩ ስም የመጨረሻው መስመር ላይ ለብቻው በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን፣ እነሱንም ለይታችሁ ቀድማችሁ ላኩ። ተመልሶ የመጣ ካርድ ካለ ዛሬ ነገ ሳትሉ ያኔውኑ ፋይሉ ላይ አስተካክሉት።