«ሙሉ ፓኬጅ» የሚባለውን የሰርግ ዲኮር ከመዋዋላችሁ በፊት

ሰሞኑን ቴሌግራምና ቲክቶክ በሰርግ ዲኮር ማስታወቂያ ተጥለቅልቀዋል። «ሙሉ ፓኬጅ በ45 ሺህ ብር ብቻ! የጥር ቀናት እየሞሉ ነው» ይላል ጽሑፉ፤ ከሥሩ ጣሪያው ሳይቀር በነጭ ጽጌረዳ የተሸፈነ አዳራሽ ይታያል። በጥር ልጅ ለመዳር ቀን የቆረጣችሁ ቤተሰቦች፣ በተለይም በአቅማችሁ ደግሳችሁ ዕዳ ሳይከተላችሁ ማደር የምትፈልጉ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ባለፈው ግንቦት የታናሽ እህቴ ሰርግ የተዋበው፣ ተዋበ ከተባለ፣ በዚሁ ዓይነት ፓኬጅ ነበር።

የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ክርክራችን ገና አላለቀም፤ ደግሞም ስሙን ብጽፍ በማግስቱ ሌላ ስም አውጥቶ ሌላ ገጽ ይከፍታል። ማወቅ ያለባችሁ አሠራሩን ነው። ከዘመድ ከወዳጅ እንደሰማሁት ደግሞ በዚህ መንገድ የሚሠራው እርሱ ብቻ አይደለም።

ከዋጋው ልጀምር። 45 ሺህ ብሩ የመድረኩን፣ የጠረጴዛዎቹንና የመግቢያውን ዲኮር እንደሚያካትት በስልክ ተነገረን። ግማሹ፣ 22 ሺህ 500 ብር፣ በቴሌብር ተላከ። ፓኬጁ መፈታት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የተሰላው ለ150 እንግዳ ስለሆነ ለ200 ሰው የጠረጴዛና የወንበር ልብስ ሲታከልበት 4 ሺህ 500 ብር ይጨመራል ተባለ። መብራቱ ለብቻው የሚታሰብ ሆኖ ተገኘ፤ 5 ሺህ ብር። ከበሩ እስከ መድረኩ የሚነጠፈው ምንጣፍ 3 ሺህ። የመኪናና የጉልበት ሠራተኛ 6 ሺህ፤ ይህንን የሰማነው በሰርጉ ዋዜማ፣ ሌላ ሰው መፈለጊያ ጊዜ በሌለበት ሰዓት ነው። ተደምሮ 63 ሺህ 500 ብር ገባ፤ የዕቃ ማስያዣ የተባለው 5 ሺህ ብር ሳይቆጠር። ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ ሰውዬው ውለታ በሚውል ሰው ድምፅ «እህቴ፣ በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል፤ ለእናንተው ብዬ ነው» አለኝ።

ከእርሱ በፊት ያነጋገርነው ሌላ ባለሙያ ነበር። በ58 ሺህ ብር ሁሉንም ነገር፣ የሻማ መቅረዙን ቁጥር ሳይቀር፣ ዘርዝሮ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶን ነበር። ዘርዝሮ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ውድ መስሎ ይታያል። ዋጋ ስታወዳድሩ የሁለቱን ሰዎች ጠቅላላ ድምር ጎን ለጎን አታስቀምጡ፤ አንዱ የደመረውን ሌላው ገና አልደመረውምና። ሁሉም በአንድ ዓይነት ዝርዝር ላይ ዋጋ ይሙሉ፤ ዝርዝሩን የምታዘጋጁት ደግሞ እናንተ ሁኑ። ስንት ጠረጴዛ፣ ስንት ወንበር፣ የመድረኩ ስፋት በሜትር፣ መብራት፣ ምንጣፍ፣ መኪና፣ ጫኝና አውራጅ፣ የመትከያና የማንሻ ሰዓት።

በመሐል «ዶላር ጨመረ» የሚል ምክንያትም ይመጣባችኋል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሰው ሠራሽ አበባም ጨርቁም መብራቱም መወደዱን ማንም አይክድም። ነገር ግን ዲኮር በአብዛኛው ኪራይ ነው። የእናንተን መድረክ የሚያለብሰው ጨርቅ ከእናንተ በፊት ስንቱን ሙሽራ እንዳስቀመጠ ባለቤቱ ራሱ ቆጥሮ አይዘልቀውም፤ ከተዋዋላችሁ በኋላ ዶላር የሚያስወድደው ነገር የለውም።

ፎቶግራፉን በተመለከተ ማጣራቱ ቀላል ነው። ምስሉን ወደ ስልካችሁ አውርዱና በጉግል ሌንስ ፈልጉት። ለእህቴ የታየው መድረክ በዚህ መንገድ ሲፈለግ የሕንድ ሰርግ ሆኖ ተገኘ፤ እንኳን ሊሠሩት አይተውትም አያውቁም። «የራሳችሁን ሥራ አሳዩኝ» ስትሏቸው የተቀናበረ አጭር ቪዲዮ ቢልኩላችሁ አትቀበሉ። የምታውቁት የአዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ በተራ ስልክ ሳይቆራረጥ የተቀረጸ ይላኩ፤ ከተቻለም በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚሠሩበት አዳራሽ ድረስ ሄዳችሁ ከበር ሆናችሁ እዩ። ሥራውን የሚያከብር ሰው ይህ አያስከፋውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ርካሹ ፓኬጅ ርካሽ የሚሆነው እንዴት ነው? ሰርግ በዓመቱ ውስጥ ተበትኖ አይውልም። ኦርቶዶክሱ በጾም ስለማይድር ድግሱ ሁሉ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት፣ ከዚያም ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ላይ ይከማቻል፤ ያውም ቅዳሜና እሑድ። ባለፓኬጁ ትርፉን የሚያገኘው በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ሰርግ ይዞ፣ አንዱን ዕቃ ከምሳ ሰርግ ወደ ማታ ሰርግ እያዞረ ነው። አንዳንዱ አዳራሽም በቀን ሁለት ድግስ ያስተናግዳል፤ የምሳው እንግዳ ሳይወጣ የማታው ዲኮር አይገባም። እነዚህ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚፈጠር እኛ አይተናል። እንግዳ የተጠራው ለ11 ሰዓት ነበር፤ የዲኮሩ መኪና የደረሰው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት በርበሬውን በጨርቅ ተክቶ ዓይናችን ሥር ተፈጸመ። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው መሰላል ያዙ። እናቴ በሀገር ልብሷ ሆና የወንበር ልብስ ታለብስ ነበር። ሙሽሮቹ ፎቶ ሲነሱ ቆይተው ሲመጡ የመድረኩ ግራ ጎን ገና በሽቦ ላይ ነበር፤ በቪዲዮው ላይ ዘላለም እንዲሁ ይኖራል።

አበባውም «የተፈጥሮ» የተባለው ፊት ለፊት ያለው ሁለት ዘለላ ብቻ ሆኖ፣ የቀረው ሁሉ ፕላስቲክ ነበር። ሁለቱ ዘለላዎችም ከምሳው ሰርግ የተረፉ መሆናቸውን ጠርዛቸው ይናገራል።

ስለዚህ የመትከያ ሰዓቱ በውሉ ላይ ይጻፍ። «ጠዋት» ወይም «ቀደም ብለን» የሚባል ሳይሆን ሰዓት። በዚያ ቀን ስንት ሰርግ እንደያዙ ፊት ለፊት ጠይቋቸው። አዳራሹንም ለብቻው አነጋግሩ፤ ከውጭ ለሚመጣ ዲኮር ሠሪ የመግቢያ ክፍያ የሚጠይቁ አዳራሾች አሉ፤ ይህን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን ሳይነገር ከቀረ የሚሸፍነው ደጋሹ ነው።

የማስያዣው ነገር ደግሞ ያስቃል፤ ገንዘቡ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ። ከ5 ሺህ ብሩ 1 ሺህ 500 ተመለሰ። የቀረው የተያዘው «የጠረጴዛ ልብሶቹ ላይ ወጥ ነክቶባቸዋል» ተብሎ ነው። የሐበሻ ሰርግ ላይ ጠረጴዛ ልብስ አከራይቶ ወጥ እንዳይነካው የሚጠብቅ ሰው ምን ዓይነት ድግስ ላይ እንዳደገ አላውቅም። ዕቃ ስትረከቡ በቁጥር ተረከቡ፤ የተሰነጠቀና የቆሸሸ ካለ እዚያው በስልክ አንሱ፤ ለየትኛው ጉዳት ስንት እንደሚቆረጥ አስቀድማችሁ አስጽፉ።

ሕጉ ከምታስቡት በላይ ከእናንተ ጋር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ግን የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። ባለፓኬጆቹ ይህን ስለሚያውቁ ወረቀታቸው ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ብቻ ብለው ይጽፋሉ፤ ከግርጌም በደቃቅ ፊደል «በማንኛውም ምክንያት አይመለስም» ይላሉ። ያንን መስመር አሰርዙ፤ የምትሰጡት ገንዘብም በግልጽ ቀብድ ተብሎ ይጻፍ። በተጨማሪ የቤት ኪራይ ውል ላይ እንደምናየው ገደብ አስገቡ፤ በአንቀጽ 1889 መሠረት ተዋዋዮች ውሉ ባይፈጸም የሚከፈለውን ካሳ አስቀድመው መወሰን ይችላሉ። «የመድረኩ ሥራ እስከ 8 ሰዓት ካልተጠናቀቀ ይህን ያህል ብር ይቀነሳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከመቶ ስልክ ጥሪ ይሻላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ እንጂ ለብቻው የሚሸጥ አገልግሎት አይደለም።

አሁን «ታዲያ በትንሽ ገንዘብ ምን እናድርግ?» ትሉ ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ፓኬጅ ጨርሶ መግዛት የለበትም። ፓኬጅ ማለት ትንሹን ገንዘብ በአዳራሹ ሁሉ ላይ እንደ ጨው መበተን ነው። ካሜራው የሚያርፍበት ቦታ ሁለት ነው፤ የሙሽሮቹ መድረክና ኬኩ የሚቆረስበት ጠረጴዛ። ለእነዚህ ጥሩ ባለሙያ ቅጠሩ፤ የቀረውን ራሳችሁ ትወጡታላችሁ። ወንበርና ድንኳን ከእድራችሁ ጠይቁ፤ ብዙ እድሮች ለአባላቸው ከገበያው በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ይሰጣሉ፤ አንዳንዱም እንዲሁ ያውሳል። የጠረጴዛ ልብስ መርካቶ ጨርቅ በጣቃ ገዝቶ ለሰፈር ልብስ ሰፊ መስጠት ነው፤ ከሰርጉ በኋላ መጋረጃ ይሆናል ወይም ለሚቀጥለው ደጋሽ ይሸጣል። ለጠረጴዛ አበባ ማስቀመጫ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ጠርሙስ ምረጡ፤ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸውን ሰብስባችሁ በደንብ ካጠባችኋቸው ከኪራዩ ብርጭቆ አይተናነሱም።

የተፈጥሮ አበባ የሀብታም ነው የሚለውን ወሬ አትስሙ። ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱና ባቱ ላይ ጽጌረዳ የሚያመርት አገር ሰዎች ነን፤ ግንዱ ያጠረ ወይም ቀድሞ የፈካ ሆኖ ለውጭ ገበያ የማይመጥነው እዚሁ ከተማ ውስጥ ይሸጣል። ለውጭ ገዥ ጉድለት የሆነው መፍካቱ ለእናንተ ሰርግ በጎ ነው። ከሰርጉ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ ግንዱን በሰላ ቢላዋ በሰያፍ ቁረጡ፤ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አራግፉ፤ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። ወጥ የሚሠራበት ጓዳ አጠገብ እንዳይሆን ብቻ። የፍቅረኞች ቀን ሲቃረብ የጽጌረዳ ዋጋ እንደሚወጣ አትርሱ፤ በየካቲት መጀመሪያ የምትድሩ ነጩን አበባ በባሕር ዛፍ ቅጠል አብዙት።

ለመልስ «ባህላዊ ዲኮር» ተብሎ የሚጠየቀው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። መሶብ፣ ሰፌድ፣ ጀበና፣ ቄጤማና አንድ ጥለት ያለው ጨርቅ ነው። አክስቶቻችሁ ቤት ያለውን ዕቃ ከማታውቁት ሰው አትከራዩ።

እነዚሁ ሰዎች ከሰርጉ ጋር አያይዘው «የሙሽሮች ቤት ማስዋብ» ይሸጣሉ፤ በእህቴ የኮንዶሚኒየም ኪራይ ቤት ሳሎን ላይ የጡብ ቅርጽ ያለውን የስፖንጅ ልጣፍ ለጥፈውላት ሄዱ። ግድግዳው እርጥበት ነበረው፤ ክረምቱ ሳያልቅ ልጣፉ ቀለሙን ይዞ ወረደ፤ አከራይዋም የቀለም ሒሳብ አቀረቡ። በኪራይ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት አከራያችሁን አስፈቅዱ፤ ምድጃ አጠገብ ግን በፍቃድም ቢሆን አይለጠፍ፤ ስፖንጅ እሳት ይወዳል። አንዱን ግድግዳ ብቻ ደስ በሚል ቀለም መቀባት በዋጋም በዕድሜም ይሻላል።

ለጥር ሰርግ ገንዘብ አስቀድማችሁ የላካችሁ ካላችሁ አሁንም አልረፈደም። ሁሉንም የተነገራችሁን ነገር ዘርዝራችሁ በጽሑፍ ላኩላቸውና «ትክክል ነው» የሚል መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በስልክ ልንገራችሁ ካሉ እንቢ በሉ። የተነጋገራችሁት በቴሌግራም ከሆነ መልእክቶቹን ዛሬውኑ ከስክሪኑ ላይ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክትን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። የእኛው ሰውዬ «አበባው ሙሉ በሙሉ የተፈጥሮ ነው» ብሎ የጻፈው መልእክት በሰርጉ ማግስት ጠፍቶ ነበር። ከሚዜዎቹ አንዷ ቀድማ አንስታው ስለነበር ግን ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ባስገባነው ማመልከቻ ላይ ተያይዟል።