በአሮጌ የቪዲዮ ማጫወቻ ሳጥን ውስጥ የተገጠመ ድምፅ አልባ የሳሎን ኮምፒዩተር

ከአገልግሎት የወጣውን የቤታችንን የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ከመጣል ይልቅ ውስጡን አውጥቼ፣ በኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር የሚሠራ፣ 17 በ17 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሚኒ አይቲኤክስ የተባለ አነስተኛ ማዘርቦርድ (የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ) ገጠምሁበት። ትልቁ ብልጫው ዝምታው ነው፤ በ2023 ለገበያ የቀረበው ይህ ፕሮሰሰር ለ6 ዋት ብቻ የተነደፈ በመሆኑ ያለ ማራገቢያ፣ በላዩ ባለው የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ይሠራል፤ ኃይል የሚያገኘውም ከ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር ስለሆነ በሳጥኑ ውስጥ የሚያጉረመርም ፓወር ሰፕላይ የለም። ሃርድ ዲስክ ትቼ የሚሽከረከር ክፍል የሌለውን የመረጃ ማከማቻ፣ ኤስኤስዲን፣ ስለተጠቀምሁ፣ ሌሊት ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ከፊልሙ ንግግር በቀር የሚሰማ ነገር የለም፤ ይህ ለእኔ ከፍጥነት ይበልጣል። ኮዲ በተባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም አማካይነት የ4ኬ ፊልሞችን ያለ መቆራረጥ ያሳያል።

የማዘርቦርዱ የማስታወሻ (ራም) ማስገቢያ አንድ ብቻ መሆኑ ቅር ያሰኛል። ከዚህ የከበደው ግን የሳጥኑ ጉዳይ ነው፦ የተዘጋው ብረት ሙቀት ስለሚያምቅ ከማቀዝቀዣው በላይ ክዳኑን በመሰርሰሪያ በሳሁት፤ የዋይፋይ ሞገድንም ስለሚያዳክም የኔትወርክ ኬብል ዘረጋሁ። ማዘርቦርዱ ብረቱን እንዳይነካ በነሐስ ብሎኖች ከፍ አድርጎ ማሰርም ግድ ነው። የአሮጌው ማጫወቻ ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ኤሌክትሪክ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው በጥንቃቄ ይክፈት።