ፉጂ ወይስ ኮያ? ለሁለቱም ቀን ለማይበቃው መንገደኛ

ወደ ጃፓን ቲኬት የቆረጠ ሰው ሁሌም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ፉጂን ልውጣው?» እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት እጠይቃለሁ፤ «ተራራ መውጣት አምሮህ ነው ወይስ ጃፓኖች የሚሳለሙትን ቦታ ማየት?» አብዛኛው ሰው «ሁለቱንም» ይላል፣ ለሁለቱም ፉጂ ይበቃል ብሎ ስለሚያስብ። ገንዘቡም ቀኑም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ፉጂን ከኮያ፣ ከመነኮሳቱ ተራራ ጋር ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ሁለቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ አሉ፤ ኮያ ከኪዪ ተራሮች ጋር በ2004፣ ፉጂ በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ፣ ቀንና ወሩ ግን እንደ እኛ ናቸው)። ፉጂ የገባው በተፈጥሮ ቅርስነት ሳይሆን በባህል ቅርስነት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ፉጂ፦ ራሱ የሚመለክ ተራራ

ፉጂ እሳተ ገሞራ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1707 ሲሆን አመዱ ኤዶ ድረስ፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ቶኪዮ ወርዷል። ኮኖሃናሳኩያ ሂሜ የምትባለው አምላክ የምትለመነው ይህን እሳት እንድታበርድ ነው፤ መቅደሶቿ «ሴንገን» ይባላሉ። መውጫው በአሥር ጣቢያዎች የተከፈለ ነው፤ ከስምንተኛው ጣቢያ በላይ ያለው የተራራው ጫፍ ንብረትነቱ የመንግሥት ሳይሆን ፉጂኖሚያ ከተማ ያለው የዋናው የሴንገን መቅደስ ነው።

በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) ተራው ሕዝብ የፉጂ ማኅበር ያቋቁም ነበር። አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ዕጣ ይጣላል፣ የወጣለት በሁሉም ስም ተራራውን ይወጣል። ዕቁብ ነው እንግዲህ፣ ወጪው ለስለት የሆነ ዕቁብ። መሄድ ያልቻለው ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ትንሽ ፉጂ ከአፈርና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይቆልላል። በ1789 የተሠራ አንዱ ቶኪዮ ሴንዳጋያ፣ ሃቶኖሞሪ መቅደስ ግቢ ውስጥ እስካሁን አለ። አበበ ቢቂላ በ1964 ሁለተኛ የማራቶን ወርቁን የወሰደበት ስታዲየም ቦታ (አሁን አዲስ ተሠርቶበታል) ከዚያ የእግር መንገድ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት መሳለም ይቻላል።

አሁን ወደ መውጣቱ። ወቅቱ ከሰኔ 24 አካባቢ እስከ ጳጉሜን 5 ገደማ ብቻ ነው። ከ2025 ጀምሮ በአራቱም መንገዶች 4,000 የን ይከፈላል። በዮሺዳ መንገድ የመግቢያው በር ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይዘጋል፤ በዚህ ሰዓት የሚያልፈው ማደሪያ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ማደሪያ ማለት ትከሻ ለትከሻ የሚተኛበት ረጅም መደብ ነው። አንድ ሌሊት ከ10,000 የን በላይ ከፍዬ የጎረቤቴን ማንኮራፋት ስቆጥር አድሬያለሁ። ከዚያ በጨለማ፣ ከፊት ያለውን ሰው ተረከዝ እያዩ ፀሐይ መውጫን ለማየት በሰልፍ መውጣት ነው። በነሐሴም ቢሆን ጫፉ ላይ ብርዱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል።

ከፍታውስ? 3,776 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሸን ከ700 ሜትር በላይ ይበልጠዋል። አውቶቡሱ የሚያወርዳችሁ አምስተኛው ጣቢያ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ማለትም አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ሱቅ ውስጥ ኦክስጅን በጣሳ ይሸጣል! ከሸገር በቀጥታ የመጣችሁ ከሆነ ሳቁና እለፉ። ሪያድ ወይም ቴል አቪቭ ዓመታት ከርማችሁ ከሆነ ግን አትሳቁ፤ ሳንባ የለመደውን ይረሳል።

ከዚያ ሌሊት የቀረኝ ዱላው ነው። ታች የእንጨት ዱላ ትገዛላችሁ፤ በየማደሪያው ባለቤቱ ብረቱን ከፍም ያወጣና እንጨቱ ላይ ይጫነዋል። ጭሱ ሽው ይላል፣ የማደሪያው ስምና ከፍታው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ማኅተም ሳንቲም ይከፈላል፣ እኔ ግን አንዱንም አላለፍኩም። ጃፓኖቹ ራሳቸው «ፉጂን ያልወጣ ሞኝ፣ ሁለቴ የወጣም ሞኝ» ይላሉ።

ኮያ፦ የሚታደርበት ቅድስና

ኮያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዋካያማ ውስጥ፣ 800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምንት ጉብታዎች የተከበበ ሜዳ አለ፤ አማኞቹ የሎተስ አበባ መሐል ነው ይሉታል። ኩካይ የተባለው መነኩሴ ቻይና ሄዶ የተማረውን የሺንጎን ቡድሂዝም ለማስተማር በ816 እዚህ ገዳም መሠረተ። ዛሬ 117 ቤተ መቅደሶች አሉ። ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ዳቦ ቤት ያለው ሕያው ከተማ ነው፣ ገዳም የሆነ ከተማ።

ኩካይ በ835 አረፈ የሚል የኮያ ሰው አታገኙም። በመቃብር ቤቱ ውስጥ እስካሁን በተመስጦ ተቀምጧል ነው የሚሉት። ስለዚህም ምግብ ይቀርብለታል፦ ጠዋት 12 ሰዓትና 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በየቀኑ። ቢጫ የለበሱ መነኮሳት ነጭ የእንጨት ሣጥን ተሸክመው ድልድዩን ሲሻገሩ ቆሜ አይቻለሁ። ሣጥኑን የያዙት እርምጃቸውን አስተካክለው፣ ሾርባው እንዳይፈስ ነው የሚሄዱት። ለሥርዓት ብቻ የሚደረግ ነገር እንዲህ አይጠነቀቁለትም።

ወደዚያ የሚወስደው ኦኩኖይን መካነ መቃብር 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ200,000 በላይ መቃብርና መታሰቢያ በጥንታዊ የጥድ ዘመዶች ሥር ተደርድሯል፣ ድንጋዩን አረንጓዴ ሽበት ወርሶታል። የጥንቶቹ የጦር አበጋዞች ኦዳ ኖቡናጋም ቶዮቶሚ ሂዴዮሺም መታሰቢያቸው እዚህ ነው። የተባይ ማጥፊያ ሙያተኞች ለገደሏቸው ምስጦች ያቆሙት ሐውልትም አለ፤ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቆይቼ ዝም አልኩ። ከመጨረሻው ድልድይ ወዲያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። እባካችሁ ስልኩን ኪስ ውስጥ።

ከ50 የሚበልጡት ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ፤ «ሹኩቦ» ይባላል። ለአንድ ሰው እራትና ቁርስን ጨምሮ በአብዛኛው ከ10,000 የን በላይ ነው፣ አንዳንዱ ከዚህ እጥፍ ያስከፍላል። ከፉጂው መደብ ጋር በዋጋ ተቀራራቢ ነው፤ እዚህ ግን ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላችሁ፣ የሞቀ ውኃ ገላ ታጥባችሁ ትተኛላችሁ፣ ጠዋት ደግሞ ከመነኮሳቱ ጋር ጸሎቱ ላይ ትቀመጣላችሁ። ሃይማኖታችሁ ካልፈቀደ ማንም አያስገድዳችሁም።

ምግቡ ለጿሚ ሰው የተሠራ ነው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል የለም። «የጾም ነገር አገኝ ይሆን?» የሚለው ጭንቀት እዚህ ያበቃል። ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለም! ያለ ሽንኩርት ያደገ አበሻ ስለሌለ መጀመሪያ ላይ ምላስ ግራ ይገባዋል። የሰሊጡ ቶፉ (እንደ አይብ የረጋ የሰሊጥ ምግብ) ግን ይክሳል።

ሴቶችን በተመለከተ፦ ሁለቱም ተራሮች እንደ ደብረ ዳሞ ሴት የማይወጣባቸው ነበሩ፤ ክልከላው በ1872 በአዋጅ ተነሣ፣ ኮያ ላይ ግን በተግባር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ቆየ። ሴቶች ቆመው ይጸልዩበት የነበረው «የሴቶች አዳራሽ» ከተማው መግቢያ ላይ እስካሁን አለ።

እና የቱ?

ገንዘባችሁን ለአንዱ ብቻ የምታወጡ ከሆነ ለኮያ አውጡት። ከኦሳካ ናምባ በናንካይ ባቡር ጎኩራኩባሺ፣ ከዚያ በገመድ የሚጎተተው ባቡር አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አውቶቡስ፤ በጠቅላላ ሁለት ሰዓት አለፍ ቢል ነው። እናትና አባታችሁን ይዛችሁም መሄድ ትችላላችሁ፣ ፉጂ ላይ ይህን አታስቡት።

ፉጂን ሳታዩ ተመለሱም አልልም። ግን አትውጡት፣ እዩት። በቶኪዮ በኩል ከሆናችሁ ከሺንጁኩ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ገደማ ሄዳችሁ ካዋጉቺ ሐይቅ ዳር ውረዱ። ክረምታቸው (ከኅዳር እስከ የካቲት) ሰማዩ ጥርት የሚልበት ነው፤ በመውጫው ወቅት ግን ደመና ቀኑን ሙሉ ሊደብቀው ይችላል። ነሐሴ 20 እዚያ ከደረሳችሁ ፉጂዮሺዳ ከተማ ውስጥ ቁመታቸው 3 ሜትር የሚደርስ ችቦዎች በየመንገዱ ሲነዱ ታያላችሁ፤ የደመራ ሰው አይደንቀውም፣ ግን ደስ ይለዋል።

ጉልበት የተረፈው ወጣት፣ በነሐሴ የሚሄድና ብርድ የማይፈራ ከሆነ ፉጂን ይውጣ፣ አልከለክልም። ቶኪዮ ውስጥ ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ደግሞ ታካኦ ተራራ አለለት፦ 599 ሜትር፣ ከሺንጁኩ በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላ፣ በ744 የተመሠረተ ቤተ መቅደስና አፍንጫው ረጅም የቴንጉ (የተራራ መንፈስ) ሐውልት ያለው።

ኮያን የመረጣችሁ፣ ማደሪያችሁን አስቀድማችሁ ያዙ፤ የቀን ጉዞም ቢሆን ይቻላል፣ ግን ማደሩ ነው ዋናው። ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት ድረሱ። እራት 12 ሰዓት ገደማ ይቀርባል፣ በሩም በጊዜ ይዘጋል፣ ማታ ወጥተው የሚበሉበት ምግብ ቤት ፍለጋ ደግሞ ከባድ ነው።