በሐዋሳ «የላም ድርሻ» ለምትገዙ ወተት ፈላጊዎች

ውኃ ያልገባበት ወተት አጥተው የተቸገሩ ቤተሰቦችን የሚጎዳ አንድ ውል በሐዋሳ ሰፈሮች እየተዘዋወረ ነው። ከዲቃላ ላም አንድ አራተኛ ድርሻ ይገዛል፤ በየወሩ የመኖና የጥበቃ ይከፈላል፤ በምላሹ «ከራሳችሁ ላም የታለበ» ጥሬ ወተት በየሳምንቱ እንደሚሰጥ ቃል ይገባል። ጎረቤቶቼ የተሰጣቸውን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ በእንዲህ ያለው ውል ላይ ማንም እንዳይፈርም አጥብቄ እመክራለሁ።

ላሟ የተገለጸችው «አንዲት ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላም» ተብላ ብቻ ነው። የጆሮ ቁጥሯም፣ ዕድሜዋም፣ ስንት ጊዜ እንደወለደችም አልተጻፈም። ይህ መግለጫ በበረቱ ላሉት ለአብዛኞቹ ላሞች ስለሚስማማ፣ አንዲቱ ላም ለአራት ሰው ትሸጥ ለአሥር ማወቅ አይቻልም። በዚያ ላይ ላሟ የምታድረው በአርቢው ግቢ ሲሆን፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በእጁ ያደረገ ሰው ባለሀብቱ እንደሆነ ይገምታል። ክርክር ቢነሳ፣ ድርሻ አለኝ ብሎ የማስረዳቱ ሸክም ገንዘቡን በከፈለው ሰው ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ላም ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል ሳትታለብ እንድታርፍ ይደረጋል። ውሉ ግን ወተት በሌለበት በዚያ ጊዜም ክፍያው እንዳይቋረጥ ያስገድዳል። ላሟ ብትሞት ኪሳራው የገዢዎች ነው፤ የሚወለደው ጥጃ ግን የአርቢው። በቆየው የርቢ ልማዳችን ላሙን ሌላ ሰው እንዲያረባት የሰጠ ሰው ከምትወልደው ድርሻ አለው፤ ጊደር ስትወለድማ ዋናው ትርፍ እሷ ናት። ዐቢይ ጾምን የሚጾም ቤተሰብ ደግሞ በ55ቱ ቀናት ላልወሰደው ወተት ምንም አይታሰብለትም፤ በጾም ገበያ ሲቀዘቅዝ አርቢው የሚደርስበት ጉዳት ወደ ገዢው ተላልፏል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «የራሳችሁ ላም ስለሆነች ማፍላት አያስፈልግም» የሚለው ማግባቢያ ነው። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ጤነኛ ከምትመስል ላም በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ ብሩሴሎሲስ እየተመላለሰ በሚነሳ ትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ሰውን ያሠቃያል። በወረቀቱ ውስጥ ስለ ምርመራ አንድም ቃል የለም። ላሟ በጡት በሽታ ታማ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ስትወስድ፣ በመድኃኒቱ ላይ የተመለከቱት ቀናት እስኪያልፉ ወተቷ መደፋት ሲገባው፣ ስለዚህ ጉዳይም ውሉ ዝም ብሏል። የመድኃኒቱን ቅሪት ደግሞ ማፍላት አያስወግደውም። በሊትር የሚገዛ ሰው ሲጠራጠር ሌላ ቦታ ይገዛል፤ ባለ ድርሻ ግን አስቀድሞ ከፍሎ ታስሯል።

የፈረማችሁ ካላችሁ፣ ወተቱን ሳታፈሉ ለማንም፣ በተለይም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አትስጡ። የላሟን የጆሮ ቁጥርና የእንስሳት ሐኪም የምርመራ ውጤት በጽሑፍ ጠይቁ። ከአንድ አርቢ የገዛችሁ ሰዎች ተገናኝታችሁ ወረቀቶቻችሁን አስተያዩ፤ በአንዲት ላም ላይ ከአራት በላይ ድርሻ ተሽጦ ካገኛችሁ ደረሰኞቻችሁን ይዛችሁ በአንድነት ለፖሊስ አመልክቱ።